እናቴ ጨረር ከወሰደች ከዓመት በኋላ ደም እያየች ነው፤ ጎረቤት ግን ኪንታሮት ነው ይላል

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምጽፍልሽ ከሐዋሳ ነው። 32 ዓመቴ ነው፤ እናቴ 57 ሆኗታል። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት አዲስ አበባ ወስደን አሳከምናት። ኬሞ ወሰደች፤ ጨረርም ከውጭም ከውስጥም ተሰጣት። እግዚአብሔር ይመስገን ተሻላት፣ ኪሎም ጨመረች። ሁለት ቀጠሮ ከሄደች በኋላ ግን ‹ደህና ነኝ፣ ለምን ብር እናባክናለን› ብላ ቀረች። እኛም አልገፋናትም።

በቀደም ልብሷን ሳጥብ ደም አየሁበት። ስጠይቃት መጀመሪያ ካደችኝ። በኋላ ግን ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ማየት ከጀመረች ከወር እንዳለፈ ነገረችኝ። ያስምጣታል፤ አንዳንዴም ንፍጥ የመሰለ ነገር ይወጣታል። ጎረቤታችን ‹ይሄማ ኪንታሮት ነው› ብለው የኪንታሮት መድኃኒት የሚሰጥ የባህል ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስይዘውላታል። ቅዳሜ ነው። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ሆስፒታል መመለስ አትፈልግም። ለወንድሞቼም እንዳልናገር አስምላኛለች። እኔ ግን ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ከሌሎቹ ያስቀደምኩት መልሱ ቅዳሜ ሳይመጣ እንዲደርስሽ ብዬ ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበል። እናትሽ የባህል ሐኪሙ ጋ አይሂዱ። ቀጠሮውን ዛሬውኑ ሰርዢው። ጎረቤታችሁ ክፉ አስበው አይደለም፤ ደም ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ኪንታሮት ነው። የእናትሽ አንጀት ግን ጨረር ያረፈበት አንጀት ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚያቃጥል መድኃኒት መቀባት፣ በክር ማሰር ወይም መቁረጥ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል።

ይህን የምልሽ ከወሬ ተነስቼ አይደለም። በካንሰር ክፍል በነርስነት ስሠራ እንደ እናትሽ ጨረር ጨርሰው ወደ አገራቸው የተመለሱ አንዲት እናት መጥተው ነበር። ደም ሲያዩ ኪንታሮት ነው ተብለው ዱቄት መድኃኒት ተደርጎላቸዋል። ሲመጡ መቀመጥ አይችሉም፤ በጎናቸው ብቻ ነበር የሚተኙት። ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ አንጀታቸውና ማህፀናቸው ተገናኝቶ ነበር። ሰገራ በማህፀን በኩል ይወጣቸዋል። ሽታው ሰው እንዳያርቅባቸው እየፈሩ ጠያቂ ሲመጣ ነጠላቸውን ተከናንበው የተኙ ይመስሉ ነበር። ጤነኛ ሥጋ ሲቃጠል ያገግማል፤ ጨረር የነካው ሥጋ ደም በደንብ ስለማይደርሰው በቀላሉ አያገግምም። ባህላዊ ሕክምናን ማጣጣሌ አይደለም። ዘመናዊ ሐኪምም ቢሆን ጨረር መውሰዳቸውን ሳያውቅ የኪንታሮት ኦፕራሲዮን ቢያደርግላቸው ያው አደጋ አለ።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳሽ ጥያቄ ልምጣ። ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን?

በአብዛኛው እንዲህ ያለ ደም የሚመጣው ካንሰሩ ስለተመለሰ አይደለም። ጨረሩ ራሱ አንጀት ላይ ትቶት የሚሄደው ጉዳት ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት አስቤበት ነው። እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ሳይታይ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ልንልሽ አንችልም። መታየት አለበት። ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው መፍትሔ ያለው ነገር ነው፤ እስከዚያው ይህን ይዘሽ ተረጋጊ።

ከማህፀን በር በስተጀርባ ያለው የአንጀት መጨረሻ ነው፣ ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት። በመሃላቸው ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተሰጠ 5 ሳምንት ያህል ይቆያል። የውስጡ ጨረር ደግሞ እዚያው ዕጢው አጠገብ ተቀምጦ ስለሚሰጥ ኃይለኛ ነው። ባለሙያዎቹ አንጀት ላይ የሚያርፈውን መጠን ለመቀነስ ብዙ ያሰላሉ። ቢሆንም ጭራሽ እንዳይነካ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ «እዚያ ሰዎቹ ናቸው ያበላሿት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ተይው። ካንሰሩን ያጠፋው ጨረር ነው አጠገቡ ያለውንም የነካው።

በሕክምናው ሰሞን የሚመጣው ተቅማጥና ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ይለቃል። እናትሽም ያኔ አልፈውበት ይሆናል። አሁን ያለው ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ብዙውን ጊዜ ጨረሩ ካለቀ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ ከዚያም ቆይቶ የሚመጣበት ሰው አለ። ጨረሩ የአንጀቱን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ያጠባቸዋል። ግድግዳው በቂ ደም ሲያጣ ይጠጥራል። ሰውነት ደም ለማድረስ ሲታገል አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ግን በጣም ስስ ናቸው። በመሣሪያ ሲታዩ አንጀቱ ላይ ቀይ የሸረሪት ድር የተዘረጋ ይመስላል። ሰገራ ሲያልፍባቸው፣ በተለይ ሲደርቅ፣ በቀላሉ ይደማሉ። ማማጡም፣ ንፍጡም፣ ሽንት ቤት መመላለሱም ከዚሁ ጋር የሚመጣ ነው። ወንዶችም ለፕሮስቴት ካንሰር ጨረር ሲወስዱ ይሄው ይደርስባቸዋል፤ አባቶችም ልክ እንደ እናትሽ ይደብቁታል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አልለፍ። ጨረር የወሰደ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ጨረር ይቀራል ብለው የሚሰጉ ቤተሰቦች አሉ። የውጩ ጨረር መሣሪያው ሲጠፋ ያበቃል። የውስጡም መሣሪያው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። የልጅ ልጅ ማቀፍም፣ አብሮ መብላትም፣ ሽንት ቤት መጋራትም ችግር የለውም።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የምታጣሩት ነገር አለ። ደሙ የሚመጣው ከየት ነው? እናትሽ «ሽንት ቤት ስቀመጥ» ነው ያሉት። እንደዚያ ሲሆን ከሰገራ ይሁን፣ ከሽንት ይሁን፣ ከማህፀን ይሁን አይለይም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ከማህፀን በኩል የሚመጣ ደም ሐኪሙን ሌላ ነገር ያሳስበዋል። የሽንት ከረጢትም ጨረር ነክቶት ሊደማ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ያድርጉ። ሽንት ሲሸኑ ደም ካለ፣ ሰገራ ሲወጡ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ምንም ሳይሠሩ ጨርቁ ላይ ካለ ይለዩት። ሲጠርጉም የፊቱንና የኋላውን በተለያየ ሶፍት ይሁን። ካላንደር ላይ ቀኑን እያከበባችሁ ጠብታ ነው፣ አንድ ማንኪያ ይሆናል፣ የረጋ ደም አለው፣ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር ብላችሁ ጻፉ። ሐኪም ፊት «ትንሽ ትንሽ ነው» ከማለት ይህ ብዙ ይረዳል። ይህን ማጣራት ግን ቀጠሮ ማዘግያ አታድርጉት። ደሙ በዝቶ ከመጣ ደግሞ ጨርቁን ትታችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ጨረር ወስደዋል ማለት ሌላ በሽታ አይዛቸውም ማለት አይደለም። አሜባና ሌሎች ደም የሚያስወጡ ተቅማጦች አሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ደግሞ ብልሃርዚያ አይረሳም፤ የአንጀቱ ብልሃርዚያ በአካባቢው የታወቀ በሽታ ነው፣ ሰገራ ላይ ደም ያመጣል፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው። እውነተኛ ኪንታሮትም ሊኖር ይችላል። በ57 ዓመት ደግሞ ከማህፀኑ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የትልቁ አንጀት ዕጢም መታሰብ አለበት። «ከጨረሩ ነው» ብሎ ሳያዩ መዝጋት «ኪንታሮት ነው» ብሎ ሳያዩ ከመዝጋት አይሻልም።

እንግዲህ የት ትሄዳላችሁ? የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ፤ ያለዚያ ወጪው እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለላችሁ፣ ሰው ሪፈራል የሚለው። ለመጀመሪያው ምርመራ 275 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የደም ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራና በእጅ ማየት እዚያው ይጀመር። አዲስ አበባ ያከማቸው ክፍል ግን ማወቅ አለበት፤ ያቋረጡትን ክትትል የሚቀጥሉትም እዚያ ነው።

ወረቀቶቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የጨረሩ ማጠቃለያ ነው። ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰዱ፣ የውስጡ ጨረር ስንት ጊዜ እንደተሰጠ የሚገልጸው ማለት ነው። ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። የእናትሽን ወረቀቶች በአንድ ፋይል አድርገሽ ፎቶም አንሺያቸው፤ ስልክሽ ላይ ይኑሩ።

በየደረሳችሁበት በር ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ተናገሩ፦ «የማህፀን በር ካንሰር ነበረባት፣ ጨረር ወስዳለች።» ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትስማ፣ ነርሷ ትስማ፣ ሐኪሙ ይስማ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል። «ሰገራ ላይ ደም አለ» ብቻ ከተባለ የኪንታሮት ቅባት ታዞ መመለስ አለ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን በሙሉ ትቀይረዋለች።

እናትሽ የሚፈሩት ምርመራውን ይሆናል። ምን እንደሚደረግ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የማይታወቅ ነገር ነው ሰውን የሚያስፈራው። በግራ ጎናቸው ይተኛሉ፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ይሰበስባሉ። ከላይ አንሶላ ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ በጓንትና በጄል በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ አጭር ቱቦ አስገብቶ በመብራት ያያል። ደስ አይልም፣ ጄሉም ይቀዘቅዛል፤ ግን ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሴት ሐኪም ከፈለጉ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማፈር የለበትም። አንቺም አብረሽ ግቢ፣ እጃቸውን ያዢ። የማህፀን በሩም በዚያው ቀን ቢታይ ጥሩ ነው። ካስፈለገ በረጅሙ መሣሪያ፣ በኮሎኖስኮፒ፣ ትልቁ አንጀት በሙሉ ይታያል። ለዚያ ቀደም ብሎ ሆድ የሚያጸዳ መድኃኒት ይጠጣል፤ ከምርመራው ይልቅ ሰውን የሚያስመርረው እሱ ነው።

ሐኪሙ ሲያይ ናሙና መቁረጥ ሊያስብ ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ጨረር ከነካው የአንጀት ግድግዳ፣ በተለይ ወደ ማህፀን በኩል ካለው የፊት ግድግዳ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቁራጭ አይወሰድም። ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ ፊስቱላ፣ አንጀትንና ማህፀንን የሚያገናኝ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። የሚያጠራጥር ዕጢ ከታየ ግን መወሰዱ ግድ ነው። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። እናንተ በትሕትና «ጨረር የወሰደችበት ቦታ ነው፣ ናሙናው የግድ ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

የጨረሩ ጉዳት መሆኑ ከተረጋገጠስ? ደሙ ትንሽ ከሆነና ደም ማነስ ካላመጣ ብዙ ጊዜ ምንም አይደረግም። ሰገራን ማለስለስና መከታተል ይበቃል። ብዙ ሰው ላይ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል። ከባሰ ሱክራልፌት የሚባል መድኃኒት አለ፣ ለጨጓራ የምናውቀው። በውኃ ተበጥብጦ ከታች በኩል ይሰጣል፤ የቆሰለውን ግድግዳ ይሸፍናል። መጠኑንም አሰጣጡንም ሐኪም ነው የሚያዘው። ሜትሮኒዳዞል አብሮ የሚታዘዝበትም ጊዜ አለ። ይህ ካልበቃ የሚደሙትን ሥሮች በአርጎን ጋዝ ሙቀት መተኮስ፣ ወይም ቦታውን በ4 በመቶ ፎርማሊን መንካት አለ። እነዚህ እጁ የለመደ ባለሙያ የሚሠራቸው ናቸው፤ እነሱም ቁስል የማምጣት ስጋት አላቸውና ለትንሽ ጠብታ አይቸኮልባቸውም። ኦፕራሲዮን የመጨረሻው አማራጭ ነው። የትኛው የት እንደሚሠራ ሪፈር ስታጽፉ ጠይቁ።

ከደሙ መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የደም ማነስ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚፈስ ደም ሳይታወቅ ያደክማል። እናትሽ ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ? ልባቸው ይመታል? የዓይናቸው ውስጡ ነጣ ብሏል? ሄሞግሎቢናቸው ይለካ። ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። የአይረን ክኒን ከታዘዘላቸው ሦስት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ ሰገራን ጥቁር ያደርጋል፤ አትደንግጡ። ሁለተኛ፣ ሆድ ያደርቃል፤ ድርቀት ደግሞ ደሙን ያባብሰዋል፣ ስለዚህ ድርቀቱን ቀድማችሁ ጠብቁት። ሦስተኛው ቡና ነው። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። ቡና ተዉ ማለት ለእናትሽ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ አቦሉ ከክኒኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ክኒኑን በብርቱካን ወይም በሎሚ ውኃ ይዋጡት። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ሐኪሙ እስካለው ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል፣ አይቋረጥም።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ሐዋሳ ዓሣ ሞልቷል፤ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ጉበት ደም ይተካሉ። በጾም ምስርና ጎመን ይብሉ፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ጾም ላይ የንስሐ አባታቸውን ማማከር ይችላሉ። ሆዳቸው የሚደርቅ ከሆነ ተልባ፣ ፓፓያና አቮካዶ ያለሰልሳሉ፣ ውኃም በደንብ ይጠጡ። ሚጥሚጣና በርበሬ ደሙን አያመጡትም፤ ሲወጣ ካቃጠላቸው ግን ይቀንሱ። ኮሶና እንቆቆ ዓይነት ሆድ የሚጠርግ ነገር አይሞክሩ። ሽንት ቤት ላይ ተቀምጦ ማማጥም ይቅር፤ ስሜቱ ሲመጣ ሄዶ ቶሎ መነሳት ነው።

የሕመም ማስታገሻ ላይ ግን አጥብቄ ልናገር። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ከፋርማሲ በቀላሉ ይገዛል። ለወገብና ለጉልበት ብለው የሚወስዱት ካለ ደሙን ያባብሰዋል። በምትኩ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልብ ተብሎ በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን ከሆነ ግን ራሳችሁ አታቁሙት፤ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።

ወደ ተቋረጠው ክትትል ልመለስ። «ደህና ነኝ» ብለው የቀሩት እናትሽ ብቻ አይደሉም፤ በጣም ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚቀረው። የአውቶቡሱ፣ የማደሪያው፣ የምርመራው ወጪ ከባድ ነው፤ በዚህ አልፈርድም። ግን ክትትሉ የሚደረገው ደህና ለሆነ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል። ካንሰሩ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። እናትሽ አሁን ያሉት እዚያ መሃል ላይ ነው። በየቀጠሮው ውድ መሣሪያ ላይኖር ይችላል። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ አንገትና ብሽሽት ላይ ዕጢ ይፈልጋል፣ ማህፀን በሩን ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። ዋናው ምርመራ ይሄው ነው። ቀጠሮ አለፈን ብላችሁ አትፈሩ። ቢበዛ ትንሽ ቁጣ ብትሰሙ ነው፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ማሳየት ያለባችሁ ምልክቶችም አሉ። አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ በጎን ወይም በወገብ የማይለቅ ሕመም፣ ሽንት መቀነስ፣ ከማህፀን የሚሸት ፈሳሽ ወይም ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት። ሰገራ ወይም ጋዝ በማህፀን በኩል ከወጣ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ደሙ እየረጋ በብዛት ከወጣ፣ አይረን ሳይወስዱ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሲነሱ ዓይናቸው ከጨለመ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

አሁን ከባዱ ነገር፣ እናትሽን ማናገር ነው። የደበቁሽ ስላላመኑሽ አይደለም። ስለዚያ ቦታ ለልጅ መናገር ያሳፍራል። ደግሞም «ተመልሶብሻል» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም። «ኪንታሮት ነው» ሲባሉ ደስ ያላቸው ለዚህ ነው፤ ኪንታሮት ካንሰር አይደለም። ስለዚህ «ለምን ደበቅሽኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ሰው በሌለበት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ቀስ ብለሽ «እማዬ፣ ጨረር የወሰደ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው አሉ፣ መድኃኒትም አለው። ግን ጨረር ያረፈበትን ቦታ እንዳያስነኩት ይላሉ» በያቸው። ካንሰር የሚለውን ቃል አንቺ አታንሺ፤ እሳቸው ከጠየቁሽ ግን አትዋሺያቸው። «ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም፣ ለማረጋገጥ ነው የሚያዩሽ» ማለት እውነት ነው። ጎረቤታችሁንም አንቺው ሄደሽ አመስግኚና ንገሪያቸው፤ እናትሽ ቀጠሮ በማስቀረታቸው እንዳይሳቀቁ።

ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

መሐላውን በተመለከተ፣ የእናትሽ ምስጢር የእናትሽ ነው። ወንድሞችሽ ደሙን ማወቅ የለባቸውም። «ክትትል ቀርታለች፣ መመለስ አለባት፣ ለመጓጓዣ እናዋጣ» ማለት ግን ምስጢር ማውጣት አይደለም። ይህን ሸክም ብቻሽን አትሸከሚው። እናትሽ ከፈቀዱ በኋላ የቀረውን እሳቸው ይንገሯቸው።

የመጨረሻው ስለ አንቺ ነው። 32 ዓመትሽ ነው ብለሻል። በአገራችን የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ከተገኘ እዚያው ሊታከም ይችላል። የእናትሽን ሪፈር ስታጽፊ በዚያው ቀን ለራስሽም ካርድ አውጪ። ትንሽ ሴት ልጅ ወይም እህት ካለሽ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባት፣ የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው፣ እንዳያመልጣት ጠይቂ።